ዶክተር ዘይነባና የደቅ ሸርጣኖች

የዶክተር ዘይነባን ሞት የሰማሁት ናይትሮጅን ስቀዳ ነው። ከብት ማዳቀያው ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ ቀዝቃዛው ጭስ እግሬን እየሸፈነው፣ ስልኬ ጮኸ። ወረታ ጨርቅ የሚነግደው ወንድሟ ነበር። "አያሌው፣ እህቴ አረፈች" አለኝ፤ ሌላ ቃል ሳይጨምር ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል እምቢ አለ። የማዳቀያው ሠራተኛ "ኧረ እየፈሰሰ ነው፣ ሰውየ" እስኪለኝ ድረስ ዕቃው ሞልቶ መትረፉን አላየሁም።

ወረታ ሩቅ አይደለም። በደኅናው ጊዜ ቁርሱን በልቶ የሄደ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ለምሳ ባሕር ዳር ይመለሳል። ያን ሰሞን ግን መንገዱ ተዘግቷል። የእስላም ቀብር ደግሞ አያድርም። ከቤቴ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ቤቴ ስመላለስ ሰነበትሁ፤ መኪና ተገኘ ሲሉኝ እሮጣለሁ፣ ቀረ ሲሉኝ እመለሳለሁ። በመጨረሻ ስደርስ ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ጎረቤቱ ወደየሥራው ተመልሶ ነበር። እሷ ብትሆን "ቀብሬ ላይ እንኳ አረፈድህ?" ብላ ትቆጣኝ ነበር። ምነው በተቆጣችኝ ኖሮ።

ዶክተር ዘይነባ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነበረች፤ እኔ የቤተ ሙከራዋ ባለሙያ። አጭርና ቀጭን፣ ሻሿ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚንሸራተትባት፣ በአንድ እጇ ሻሿን እየመለሰች በሌላው ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ የምትፈልግ ሴት ነበረች። እኔ የማክሰኝት ሰው ነኝ። ረጋ ብዬ እቀመጣለሁ፣ ረጋ ብዬ እነሣለሁ። እሷ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እንኳ ጠርዙ ላይ ነው። ሻይ ታዝዛለች፣ ሁለቴ ትጎነጫለች፣ ብድግ ትላለች። በመስኮት ላይ፣ በደረጃ ላይ፣ አንዳንዴም በማይክሮስኮፑ አጠገብ ግማሽ ሻይ የቀረበት ብርጭቆ ያየ ሰው ዶክተር በዚያ ማለፏን ያውቃል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ብርጭቆዎቿን ስትለቅም እየዋለች "ለዶክተር ከእንግዲህ ግማሽ ነው የምቀዳው" ትል ነበር። መጀመሪያ ሰሞን "እርስዎ" እያልሁ ሳናግራት "ይረዝማል፣ አንቺ በለኝ" አለችኝ።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" እላታለሁ።

"የዘገየስ ምን ለቀመ?" ትለኛለች።

ችኮላው ከሥራዋ የመጣባት ይሁን፣ ወይስ ሥራውን የመረጠችው ለችኮላዋ ስለተስማማት? የምታጠናው የጣና ሸርጣን እንቁላሏን እንዴት እንደምታበስል ነው። እዚህ አገር ሸርጣን የሚበላ የለም። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ስለሚቆርጥበት ይረግመዋል፣ አውጥቶ ይወረውረዋል፣ ሌላ ጉዳይ የለውም። እሷ ግን በሸርጣን ምክንያት እንቅልፍ ታጣ ነበር። በሌላ አገር እንደሚታወቀው የሴቷ ሸርጣን የእንቁላል ከረጢት ወራት ሙሉ ነጭና ቀጭን ሆኖ ይቆይና የዝናቡ ወቅት ሲደርስ አብጦ፣ ሞልቶ፣ ቢጫ ይሆናል። የጣናዋስ? እስከዚያስ ድረስ ማን ነው የሚያቆያት?

የሚያቆዩአት በሕዋሷ ውስጥ ያሉት፣ ጥቃቅን አር ኤን ኤ የሚባሉት ናቸው ባይ ናት። ይህን ለተማሪዎች ስታስረዳ ክፍሉ ውስጥ የአባቷን ሱቅ ትከፍታለች። አባቷ ወረታ ሱቁ ውስጥ ሆኖ "ያንን ጣቃ አውርደው" ብሎ ሠራተኛውን ያዝዛል። ትእዛዙ ከአባቷ አፍ ወጥቷል፣ ሠራተኛውም ሰምቷል። እናቷ ግን ከመጋረጃው ኋላ ብቅ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። ጣቃው አይወርድም። ዘረ መል አባቷ ነው፤ የሚወጣው ትእዛዝ መልእክቱ ነው፤ ትንሿ አር ኤን ኤ እናቷ ናት። ከዚያ ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ "እኔ የምፈልገው እናቴ ጣቷን የምታነሣበትን ሰዓት ነው" ትላለች። ተማሪው ስቆ እስኪጨርስ አትጠብቅም፤ ወደሚቀጥለው አልፋለች።

አር ኤን ኤ ደግሞ የሚታገሥ ነገር አይደለም። ሸርጣኗ ከሞተች ወዲያው መበጣጠስ ይጀምራል። ስለዚህ በበረዶ አደንዝዘን ቅርፊቷን እንከፍታለን፣ ከረጢቱን በመቆንጠጫ አውጥተን ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ እንከታለን፣ ብልቃጡን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ እንነክራለን። ይህ ሁሉ ትንፋሽ ሳይወሰድ ማለቅ አለበት። አጠገቤ ቆማ "ቶሎ፣ ቶሎ" ትላለች። "የሞተ ነገር አይጠብቅም።" እኔ በሕይወቴ የቸኮልሁት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም እሷን ፈርቼ።

ናይትሮጅኑን የምንለምነው የኮርማ ዘር በሱ ከሚያቆዩት የከብት ማዳቀያ ሰዎች ነው። መያዣውን ገንቦ እንለው ነበር። ቢከፈትም ቢዘጋም ናይትሮጅኑ በራሱ ጊዜ እየተነነ ይጎድላል፣ ከጎደለም የተቀመጠው ናሙና ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ እሷ ለገንቦው ልጁ እንደታመመበት ሰው ነበረች፤ ከስብሰባ መካከል ተነሥታ ሄዳ ክዳኑን ከፍታ አይታ ትመለሳለች። አንድ ቀን የማዳቀያው ሰዎች ለራሳችንም አልበቃን ብለው እምቢ ቢሏት "የናንተም ሥራ ማስወለድ ነው፣ የኔም ሥራ ማስወለድ ነው፣ ምን ያጣላናል?" ብላ አስቃ ተቀበለቻቸው። ገንቦውን ታቅፋ ባጃጅ ተሳፈርን። ፋሲሎ ሰፈር ስንደርስ ከክዳኑ ጭስ ብቅ ሲል ባጃጅ ነጂው መሪውን ትቶ ዘሎ ወረደ። "ና ንዳ! የሚፈነዳ ቢሆን እኔ ነኝ ያቀፍሁት" አለችው። ተመልሶ ነዳ፤ መንገዱን ሙሉ ግን የሚያየው ኋላውን ነበር።

ሸርጣኖቹ የሚመጡት ጣና ላይ ካለው ከደቅ ደሴት ነው። የባሕር ዳር ዳርቻ የከተማው ቆሻሻ ስለሚገባበት የሸርጣኗን አካል ያዛባል ብላ ደሴቱን መረጠች። እሷ ግን ጀልባ ላይ ሰዓታት መቀመጥ አትችልም። አንድ ጊዜ ሄዳ፣ ባለጀልባው "እትየ፣ ቁጭ ይበሉ፣ ሊገለብጡን ነው" እያለ ሲለምናት፣ እንደቆመች ደርሳ እንደቆመች ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ እንዳላማው ከሚባል የደቅ ዓሣ አጥማጅ ጋር ተስማማች። እንዳላማው የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቃሉ ጥቂት። ሸርጣኖቹን በሕይወታቸው፣ በእርጥብ ደንገል ጠቅልሎ በገበያ ጀልባ ይልክልን ጀመር።

ዓመቱን ሙሉ ላከልን፤ በጋውንም ክረምቱንም። የምንከፍታት ሸርጣን ሁሉ ከረጢቷ ነጭና ቀጭን ነው። ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ ሲነበብም ዝም የሚያሰኙት ጥቃቅኖች ክረምቱን ሁሉ እንዳሉ ናቸው። የእናቲቱ ጣት ከከንፈሯ አልተነሣም። ዶክተር በስልክ "ትልልቆቹ የት አሉ?" ስትለው እንዳላማው "ያመጣነው ይኸው ነው፣ እትየ" ይላታል። ስለዚህ የደቅ ሸርጣን ድንክ ናት፣ በክረምትም እንቁላሏን አታበስልም፣ ከሌላው አገር ሁሉ የተለየች ናት ብላ ደመደመች። ይህንኑ ጽፋ ውጭ አገር ለሚደረግ ትልቅ ጉባኤ ላከች። ተቀበሏት። ያን ሳምንት ኮሪደሩ ውስጥ የምትራመደው ደረጃ እንደምትወርድ ሰው ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ክረምቱ ተመልሶ ሲመጣ ለጉባኤው የመጨረሻውን ናሙና እዚያው ደሴቱ ላይ እንውሰድ አለች፤ የጀልባው እንግልት ራሱ መልእክቱን ሊለውጠው ይችላል ብላ። ገንቦውን በጉልበቴ መካከል ይዤ ሄድን። እሷ ቆማለች።

እንዳላማው መረቡን ሲስብ ጀልባው ላይ ከጎኑ ነበርን። አንዲት ትልቅ ሸርጣን ወጣች። ገልብጦ ሆዷን አየ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ወደ ውኃው መልሶ ለቀቃት። ሌላ ትልቅ ወጣች፤ እሷንም ለቀቃት። ቀጥላ የወጣችውን ትንሿን ቅርጫቱ ውስጥ ጨመራት። ዶክተር ዘይነባ ቁጭ አለች።

"እንዳላማው፣ ያችን ለምን ለቀቅሃት?"

"ሆደ ሰፊ ናት፣ እትየ። እናት ናት።"

"ሁልጊዜ ትለቃቸዋለህ?"

"ሁልጊዜ።"

ነገሩን የተናገረው መረቡን እያጣጠፈ ነው። ሚስቱ ጥሩሰው ሁለቴ ፀንሳ ሁለቱም አልሆኑላትም። ያኔ ለሥላሴ ተሳለ፤ ጥሩሰው ሕያው ልጅ እስክታቅፍ ድረስ እናት የሆነች ፍጥረት ከውኃው ላይወስድ። ዓሣም ብትሆን ሆዷ ያበጠውን ይመልሳል፤ ከጓደኞቹ ሁሉ ትንሽ ይዞ የሚገባው ለዚህ ነው። አሁን ጥሩሰው እንደገና ነፍሰ ጡር ናት፣ ለመስከረም ትጠበቃለች። ታዲያ ለምን አልነገርኸንም ስለው "ስለት ይነገራል እንዴ?" አለኝ።

ሴት ሸርጣን ስታድግ ሆዷ ላይ ያለው ክዳን ይሰፋል፤ እንቁላሏንም ልጆቿንም የምትይዘው በሱ ስር ነው። ያልሰፋላት ልጅ እግር ናት፣ እንቁላል የላትም። እንዳላማው ዓመት ሙሉ የላከልን ልጅ እግሮቹን ነው። ድንክ የተባሉት ልጆች ነበሩ። ጉባኤው የተቀበለው ግኝት የሸርጣን ጠባይ ሳይሆን የአንድ አባት ስለት ነበር።

የሚፈነዳ ቁጣ ጠብቄ ነበር። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ አላነሣችውም። ጠጋ ብዬ፣ እኛ ስለት የለብንም፣ በእጃችን እንያዝ አልኋት። እንዳላማውን "እኛ ብንይዝስ?" ብላ ጠየቀችው።

"አልከለክልም፣ እትየ። ውኃው የኔ አይደለም። ግን ጥሩሰው እስክትገላገል ብቻ ብትታገሡኝ።"

እስክትገላገል ክረምቱ ያልፋል። ሸርጣኖቹ እስከዚያ እንቁላላቸውን ከረጢቱ ውስጥ አያቆዩም፤ አንዴ ካወጡት በኋላ ከረጢቱ ባዶ ነው፣ የሚሞላው ለከርሞ ነው። ይህን ከሷ አብልጦ የሚያውቅ ሰው ጣና ዳር አልነበረም።

"እንጠብቃለን" አለች።

ያን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በመመለሻችን፣ ደሴቱ ሰፊ ነው፣ ከሌላው ዳርቻ እንያዝ ብዬ ሞገትኋት። "ሰውየው ልጅ እየጠበቀ ነው፣ አያሌው" አለችኝ። "እግዜር አያድርገውና ቢጠፋበት፣ ዕድሜውን ሙሉ ዶክተሯ ሸርጣኖቹን ስለወሰደች ነው እያለ እንዲኖር አልፈልግም።" ከዚያ ሻሿን መለሰችና "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አይደል የምትለኝ?" አለች። ስትለው አልሳቀችም፤ እኔም መሳቅ አልቻልሁም።

ከጉባኤው ስሟን አስወጣች። የክፍሉ ኃላፊ ማንም አያውቅም እኮ፣ ተይው፣ ከርሞ ታስተካክይዋለሽ ብሎ ለመናት። "እኔ አውቃለሁ። ከእንግዲህ እንዴት ብዬ ልተኛ?" አለችው። ድሮውንም የምትተኛ ይመስል!

የመስከረሙ ጥበቃ ከሥራው ሁሉ የባሰ አደከመን። የደቅ ስልክ ጠፍቷል። የገበያ ጀልባ በገባ ቁጥር ዶክተር ወደቡ ላይ ናት፤ ጌሾና ሎሚ የሚያወርዱትን ሴቶች እየያዘች "ጥሩሰው ተገላገለች?" ትላቸዋለች። ሴቶቹ የሥጋ ዘመዷ መስላቸው "አይዞሽ፣ ማርያም ትቀርባታለች" እያሉ ያጽናኗት ጀመር። እሷም "አሚን" ትላለች። አንዲት ሴት፣ ጥሩሰው ምጧ ጠንክሯል፣ ሰው ቤቷ ተሰብስቧል ብላ ነገረቻት፤ ከዚያ ቀጥሎ ጀልባ ሳይመጣ ቀረ። እነዚያን ቀናት ቤተ ሙከራው ውስጥ አብሬያት መቀመጥ አቃተኝ። ብልቃጡን ታነሣለች፣ ትመልሳለች፤ በሩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እኔም፣ እንደ ድንጋይ የምቀመጠው ሰውዬ፣ ኮሪደሩን ስለካ እውል ነበር።

ጀልባው ሲመጣ ወሬው ከሩቅ ደረሰን። ሎሚ ሻጯ ገና ሳትወርድ እጇን እያወዛወዘች "ሴት ልጅ! ሁለቱም ደኅና!" ስትል ወደቡ ሁሉ ሰማ። ዶክተር ዘይነባ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከዚያ ወደብ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ገብተን ሻይ አዘዘች፤ ተቀምጣ፣ ወንበሩን ሞልታ፣ ሐይቁን እያየች እስከ ታች ጠጣችው። "ለከርሞ" አለች ብርጭቆውን ስታስቀምጥ። "ከርሞ ልጂቱንም አያታለሁ፣ ከረጢቱንም አያለሁ።"

መጋቢት ላይ ሞተች።

ለቅሶ ስደርስ ወንድሟ ጓሮ ወስዶ አስቀመጠኝ። ልቧ ነበር አለኝ። ከዚያ ክረምት በፊት አዲስ አበባ ሄዳ ታይታ ሐኪሞቹ እንዳትደክም፣ ሥራም እንድትቀንስ ነግረዋታል። "አልነገረችህም እንዴ?" ይለኛል። አልነገረችኝም። ስለት ይነገራል እንዴ? በሽታስ ይነገራል? ለዓመታት አጠገቤ ቆማ ቶሎ ቶሎ ስትለኝ የኖረች ሴት ጊዜዋ ማጠሩን እያወቀች ነው ወይ አንድ ክረምት ለሰው ልጅ የለቀቀችው? ወይስ ሐኪሞቹ የነገሯትን እንደ ሻዩ ግማሹን ብቻ ሰምታ ነው ብድግ ያለችው? አንዳንድ ቀን እናደድባታለሁ። ብትነግረኝ ኖሮ ሌላ ዳርቻ ሄጄ፣ ተደብቄም ቢሆን፣ ይዤላት እመጣ ነበር። ያልነገረችኝም ለዚህ ይሆናል።

ነሐሴ ላይ ገንቦውን ይዤ ብቻዬን ደቅ ሄድሁ። መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ባለጀልባው ሁለቴ ቁጭ በል አለኝ። እንዳላማውን ዳርቻው ላይ መረብ ሲጠግን አገኘሁት። ወሬው እንዳልደረሰው ከፊቱ አወቅሁ።

"እትየስ?" አለኝ።

"ብቻየን ነው የመጣሁት" አልሁት። እውነቴን ነው። እሱም ያኔ ያመጣነው ይኸው ነው ሲል እውነቱን ነበር።

ወደ ጥልቅ ያልሆነው ውኃ ወሰደኝ። ድንጋይ ደርድሮ አጥር ሠርቷል፤ ውስጡ ሆደ ሰፊዎቹ ሸርጣኖች ተሞልተዋል። "ስትመጣ እንዳላጣባት ብየ ነው። ስለቴ ደርሶ የለ" አለኝ። ነገሩን ልነግረው አፌን ከፈትሁ፣ ግን በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፣ ገንቦውም እየጎደለ ነው። ሥራውን እንጨርስ አልሁት።

ድንጋይ ላይ ሸራ አነጠፍሁ። ትልቋን አደንዝዤ ቅርፊቷን ከፈትሁ። ከረጢቱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፣ እርድ የመሰለ ቢጫ። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። እሷም አላየችም። ቆርጬ በመቆንጠጫ አነሣሁት።

ያኔ ነው ጥሩሰው ልጇን ታቅፋ ቁልቁል የመጣችው። ልጂቱ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጠጉሯ እርጥብ ነው፣ የክት ቀሚሷን ለብሳለች።

"ዶክተሯ የታሉ?" አለች ጥሩሰው ጀልባውን እያየች። "ልጂቱን ይዩልኝ ብየ አጥቤ ማምጣቴ ነው።"

እንዳላማው ቀና ብሎ አየኝ። ቢጫው መቆንጠጫዬ ላይ ነው።

ቶሎ፣ አልሁ ለራሴ። ብልቃጡ ውስጥ ከተትሁት፣ ብልቃጡን ነከርሁት። ናይትሮጅኑ ተንተከተከ። ክዳኑን ገጠምሁ፣ መግጠሙንም አየሁ። ከዚያ እጄን ታጥቤ ልጂቱን ተቀበልኋትና ነገርኋቸው።